ባለ 5,000 ዶላሩ አይማክ ፕሮ ወይስ ራሳችን የገጣጠምነው ኮምፒውተር፦ የአንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ሂሳብ

ነገሩ የተጀመረው በ2018 ጃንዋሪ ነው፣ የጥምቀት ሰሞን። እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እንሰራለን፣ እሱ ይቀርጻል እኔ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ሰርጉ፣ ቅልቅሉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው ሁሉም ይመጣል። የምሰራበት ማሽን የ2013 አይማክ ነበር (ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ የሆነው የአፕል ማሽን) ባለ 27 ኢንቹ፣ ለአመታት እንጀራ ያበላን ኮምፒውተር ነው፣ ግን 2017 መጨረሻ ላይ ካሜራዎቻችንን ወደ ፓናሶኒክ ጂኤች 5 ስንቀይርና ሁሉን ነገር በ4ኬ፣ በከፍተኛ ጥራት፣ መቅረጽ ስንጀምር በቃ አልቻለም። የሶስቱን ካሜራ ምስል አንድ ላይ ስከፍት ድምጹ ይሄዳል ምስሉ ይቆማል፣ እልልታው ይሰማኛል ሙሽሮቹ ግን በር ላይ እንደቆሙ ናቸው። ቀድሞ በሁለት ሳምንት የማስረክበው ስራ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ እና የሜይ የጁን ሰርጎች ከወዲሁ ተይዘዋል።

ስለዚ አዲስ ማሽን ግድ ሆነ። ያኔ ደግሞ አፕል አይማክ ፕሮን ካወጣ ገና አንድ ወር ገደማው ነበር፣ ዲሴምበር 14 2017 ነው ለሽያጭ የቀረበው፣ ኤዲት የማደርግበት የአፕሉ ፕሮግራም የፋይናል ከት አዲሱ 10.4 ቨርዥንም በዚያው ቀን ነው የወጣው። መነሻ ዋጋው 4,999 ዶላር። ባለ 8 ኮር ዚዮን ፕሮሰሰር፣ 32 ጂቢ ኢሲሲ ራም (ስህተት ሲገባ ራሱ የሚያርም ማለት ነው)፣ ቬጋ 56 ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ)፣ ባለ 10 ጊጋቢት ኔትወርክ፣ እና ያ ውብ ባለ 5ኬ ስክሪን። የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት 5,299 ይሆናል። ባለቤቴ ቤተስዳ ያለው የአፕል ሱቅ ሄዶ አይቶት መጣና ሌላ ወሬ የለውም፣ "አንቺ በቀን አስር ሰዓት የምታዪው ስክሪን ነው፣ ለዚህ ያልከፈልን ለምን ልንከፍል ነው" ይለኛል። ልክ ነበር፣ ስክሪኑ እውነትም ያምራል፣ ማሽኑም ድምጽ የሚባል ነገር የለውም።

ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ኮምፒውተር እየፈታ እየገጠመ ያደገ ልጅ ነው። "እህትዬ ተይው፣ በግማሽ ዋጋ እኔ እገጥምልሻለሁ" አለ። በየቤቱ የሚሰማው ክርክር ይሄው ነው መቼም፣ አንዱ ወገን አፕል ለስሙ ነው የሚያስከፍለው ይላል፣ ሌላው ወገን የገጣጠምከው ነገር በሰርግ ሰሞን ጥሎህ ይጠፋል ይላል። እኔ ሁለቱንም ቁጥር አርጋችሁ አምጡልኝ አልኩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይዤ ብሩንም ሰዓቱንም መዝግቤያለሁ፣ እዚህ የምጽፈው ከዛ ደብተር ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው ነገር ወንድሜን ራሱ አስገረመው። ልክ የአይማክ ፕሮውን አቻ፣ ዕቃ በዕቃ፣ ለመግጠም ብንሞክር ርካሽ አይሆንም። የዚያ ዘመን ባለ 8 ኮር ዚዮን ደብሊው 2145 ብቻውን በኢንቴል ዝርዝር 1,113 ዶላር ነው። እሱን የሚቀበል ማዘርቦርድ 450 ገደማ፣ 32 ጂቢ ኢሲሲ ራም ሌላ 450፣ ጥሩ 1 ቴራ ኤስኤስዲ 600፣ ቬጋ 56 በወረቀት 399። ስክሪኑ ላይ ስትደርስ ነው ነገሩ የሚገለጠው፣ ለማክ ተብሎ የተሰራው የኤልጂ ባለ 5ኬው 1,299 ዶላር ነበር፣ እሱም ተንደርቦልት 3 የሚባለውን ማያያዣ ይፈልጋል፣ ተራ ፒሲ ላይ ዝም ብለህ አትሰካውም። ኬዙን ፓወር ሰፕላዩን ማቀዝቀዣውን ዊንዶውሱን 500 ብለን ስንደምር 4,811 መጣ፣ ያለ ታክስ። በዛ ላይ የ2018 መጀመሪያ የቢትኮይንና የኤቴሪየም ግርግር ያበደበት ወቅት ነው፣ ግራፊክስ ካርዱን ሁሉ ማይኒንግ የሚሰሩ፣ ማለት በኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች እየጠራረጉት 399 የተባለው ቬጋ በ399 አይገኝም ነበር። ሌላ 300 ብንጨምርለት ከነታክሱ 5,400 ገባ። አይማክ ፕሮው 5,299። እና አፕል ለስሙ ብቻ ነው የሚያስከፍለው የሚለው ነገር በዚህ ማሽን ላይ ውሸት ነው፣ ቢያንስ በመነሻው ሞዴል ላይ። ወደ ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ነው፣ ከ32 ጂቢ ወደ 128 ጂቢ ራም ለማሳደግ 2,400 ዶላር ነበር የሚጠይቁት።

ታዲያ ጥያቄው ተቀየረ። ያ ሁሉ ነገር ለእኛ ስራ ያስፈልጋል ወይ ነው። አንድ ምሽት ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው።

ዚዮን። ጂኤች 5 ሰርግ ላይ ስንቀርጽበት በኤች.264 ነው፣ ባለ 8 ቢቱ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት። ይሄ ፎርማት ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ለማሳየት ፈትቶ ማስላት አለበት፣ በተለይ ሶስት ካሜራ አንድ ላይ ሲሄድ። የኢንቴል ተራዎቹ የኮር ፕሮሰሰሮች ኩዊክ ሲንክ የሚባል ለዚሁ ስራ ብቻ የተሰራ ክፍል ውስጣቸው አለ፣ ፕሪሚየር የሚባለው የአዶቢ ኤዲቲንግ ፕሮግራምም በዊንዶውስ ላይ ይጠቀምበታል። ዚዮን ደብሊው ላይ የለም፣ አፕል ያን ስራ በሌላ መንገድ ነው የሸፈነው። ማለት ለእኛ ቀረጻ የ359 ዶላሩ አይ ሰቨን 8700ኬ፣ ባለ 6 ኮሩ፣ ከውዱ ዚዮን የማይተናነስ ነገር ነበረው። ወንድሜ መጀመሪያ ባለ 16 ኮሩን የኤኤምዲ ትሬድሪፐር ካልሆነ ብሎ ነበር፣ 999 ዶላር፣ እሱም ኩዊክ ሲንክ የለውም፣ ይሄን ሳሳየው ተወው።

ኢሲሲ ራም። ሳምንት ሙሉ ስሌት ለሚያሰላ ሰው፣ ለሳይንስ ለምናምን አስፈላጊ ነው፣ ለሰርግ ቪዲዮ ቅንጦት ነው ብለን አለፍነው። (ጁን ላይ ይሄን ቃሌን አስታውሼዋለሁ፣ እመጣበታለሁ።) ባለ 10 ጊጋቢት ኔትወርክ፣ የምናገናኘው ሰርቨር የለንም። 1 ቴራው ኤስኤስዲ፣ አንድ ካሜራ በሰዓት 45 ጂቢ ይበላል፣ ሶስት ካሜራ ስምንት ሰዓት ቢቀርጽ 1,080 ጂቢ ነው፣ አንድ ሰርግ እንኳን አይይዝም፣ ስለዚ ያም ሆነ ይህ ውጪ ሃርድ ድራይቭ መደርደራችን አይቀርም።

ስክሪኑ ብቻ ቀረ። እሱን ነው ረጅም ያወራነው። ጥሩ ስክሪን አስር አመት ያገለግላል፣ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ በአራት በአምስት አመት ያረጃሉ፣ አንድ ላይ ሲጣበቁ ግን እድሜያቸው የአጭሩ እድሜ ይሆናል። የድሮው አይማካችን ታርጌት ዲስፕሌይ ሞድ የሚባል ነገር ነበረው፣ ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ቢያንስ ለሌላ ማክ ስክሪን ሆኖ ይሰራል። ከ2014ቱ ባለ 5ኬ አይማክ ጀምሮ ይሄ ቀረ፣ አይማክ ፕሮም የለውም። ራሙንም ቢሆን በተራው ባለ 27 ኢንች አይማክ ከኋላ በምትከፈት በር ራስህ ትጨምር ነበር፣ አይማክ ፕሮው ላይ በሯ የለችም፣ ባለሙያ ጋ ወስደህ መፈታት አለበት። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ዝም አለ። ካሜራ የሚገዛ ሰው ስለሆነ ገብቶታል፣ ሌንስ ከካሜራ ጋር ተጣብቆ ቢሸጥ ማን ይገዛል።

መጠበቅም አማራጭ ነበር። አፕል በ2017 ኤፕሪል የተወሰኑ ጋዜጠኞችን ጠርቶ፣ ሲሊንደር የምትመስለዋ የ2013 ማክ ፕሮ በሙቀት ምክንያት ማሳደግ እንዳቃታቸው አምኖ፣ የሚፈታ የሚገጠም አዲስ ማክ ፕሮ እየሰራን ነው ብሎ ነበር። የኛ ሰርጎች ግን አይጠብቁም። (ማሽኑ የወጣው 2019 ዲሴምበር ነው፣ ያለ ስክሪን 5,999።)

በቃ እንግጠም አልን። ሮክቪል ያለው ማይክሮ ሴንተር ሄደን ነው አብዛኛውን የገዛነው። ፕሮሰሰር 360፣ ማዘርቦርድ 180፣ 32 ጂቢ ራም 360 (ያኔ ራምም ውድ ነበር)፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ 450፣ ፓወር ሰፕላይ 100፣ ኬዝ 100፣ ትልቁ የኖክቱዋ ማቀዝቀዣ 90፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ 200፣ ባለ 27 ኢንች 4ኬ ስክሪን 550፣ ኪቦርድና ማውስ 80። ድምሩ 2,470፣ ከነታክሱ 2,618። ግራፊክስ ካርድ አልገዛንም። ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ነበር የምንፈልገው፣ በወረቀት 699 ይላል፣ ከ1,000 በታች ማግኘት አልቻልንም። ወንድሜ የራሱን አሮጌ 1060 ካርድ ነቅሎ ሰጠኝና "በዚህ ቆዪ፣ ይወርዳል" አለ፣ የማይኒንጉ ነገር በዛው አመት ሲቀዘቅዝ እውነትም ወረደ፣ ኦክቶበር ላይ ያገለገለ 1080 ቲአይ በ520 ገዛን። ጠቅላላ ወጪ 3,138። ከአይማክ ፕሮው ጋር ያለው ልዩነት 2,160 ዶላር ገደማ። አንድ ክፍል ሲወደድ እሱን ብቻ አቆይቶ ቀሪውን መስራት መቻል የመግጠም ትልቁ ጥቅም እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

መግጠሙ ራሱ ቀላል ነበር። ሁለት ምሽት፣ ዕቃ መምረጡን ጨምሮ 14 ሰዓት። ከባዱ ነገር ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነው፣ ከማክ መውጣቱ።

ፋይናል ከት ዊንዶውስ ላይ የለም። አንዴ 299 ከፍዬ የገዛሁትን ትቼ ወደ ፕሪሚየር ሄድኩ፣ በወር 21 ዶላር ገደማ። የስድስት አመት ስራዬ በፋይናል ከት ላይብረሪ ነው የተቀመጠው፣ ፕሪሚየር አይከፍተውም። ሃርድ ድራይቮቼ በሙሉ በማክ ፎርማት ናቸው፣ ዊንዶውስ ስሰካቸው ፎርማት ላድርግልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አንድ ቀን ደክሞኝ እሺ ብዬ ልጫን ምን ያህል እንደቀረኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንዘፈዝፈኛል፣ የሰው የሰርግ ቀን ነው እኮ። ወዲያው ሁሉንም ድራይቭ ከዊንዶውሱ አራቅኩና በአሮጌው አይማክ በኩል አንድ በአንድ ወደ ኤክስፋት፣ ማክም ዊንዶውስም ወደሚያነበው ፎርማት፣ ገለበጥኳቸው። የምጠብቀውን ሳይቆጥር እጄ የሰራበት ብቻ 22 ሰዓት ነው። ፕሮሬስ የሚባለው የአፕል የቪዲዮ ፎርማትም ነበር፣ አንዳንድ ደንበኛ በፕሮሬስ ስጡን ይላል፣ ፕሪሚየር ዊንዶውስ ላይ ፕሮሬስ ማውጣት የጀመረው በ2018 ዲሴምበር ነው፣ እስከዛ ድረስ ለእሱም አሮጌውን አይማክ አስነሳ ነበር።

ፎንቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የሙሽሮቹን ስም፣ "የመልስ ፕሮግራም" ምናምን የሚለውን በአማርኛ የምጽፍበት ኬፋ በሚባለው የማክ ፎንት ነበር፣ ሁሉንም ዲዛይን በእሱ ነው የሰራሁት። ዊንዶውስ ላይ ኬፋ የለም። ስሙ በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣ። ኢብሪማ አለ፣ እሱ ለንባብ ጥሩ ነው ለሰርግ ግን ደረቅ ይላል፣ ኒያላን ከፈለግሽ ደግሞ በዊንዶውስ 10 ከሴቲንግ ገብተሽ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ማውረድ አለብሽ፣ በነባሪ አይመጣም። ኒያላን ጫንኩ፣ የፊደሉ ስፋት ከኬፋ ስለሚለይ የእያንዳንዱ ዲዛይን ቦታ ተበላሸ፣ ረጃጅም ስም ያላቸው ሙሽሮች ከስክሪን ይወጣሉ። ሶስት ቀን አዲስ ሰራሁ። በአማርኛ ለምንሰራ ሰዎች ይሄ ነገር የማሽን ምርጫ አካል ነው፣ የትኛውም የእንግሊዝኛ ማነጻጸሪያ ላይ አታገኙትም። አዲሱን ፕሮግራም መልመድና ዲዛይኖቹን እንደገና መስራት በድምሩ 40 ሰዓት።

ከዛ ጁን መጣ። ከባድ ሰርግ ነበር፣ 600 ሰው፣ ኤዲቱን ልጨርስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ሪስታርት፣ ሃያ ደቂቃ፣ እንደገና። ፋይሉ አንዴ ተበላሸና ከአውቶ ሴቩ ነው ያዳንኩት። አፕል ቢሆን ማሽኑን ተሸክሜ ሱቅ እሄዳለሁ፣ አንድ ሰው አለ የሚጠየቅ። እዚህ የምጠይቀው ወንድሜን ነው፣ እሱም ስራ ላይ ነው። ማታ መጣ፣ ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አስነስቶ ለሊቱን ሙሉ ሲፈትሽ አደረ፣ ጠዋት ላይ ቀይ መስመር በቀይ መስመር ሆኗል፣ ከሁለቱ ራም አንዱ ተበላሽቷል። ኢሲሲ ቅንጦት ነው ያልኩት ትዝ አለኝ። የተበላሸውን ነቅለን በ16 ጂቢ እየተንፏቀቅኩ ጨረስኩ። የሙሽሪት እናት ሁለቴ ደውለዋል፣ "ልጄ አደራሽን፣ አገር ቤት ያለው ዘመድ በሙሉ እየጠበቀ ነው" ይሉኛል፣ "እሺ እማማ፣ እሁድ በእጅዎ ነው" አልኳቸው፣ ማክሰኞ ነው የሰጠኋቸው። ያፈርኩበት ሳምንት ነው። አምራቹ ራሙን በነጻ ቀይሮ ላከው፣ የእድሜ ልክ ዋስትና ነበረው፣ ግን ሶስት ሳምንት ፈጀ። በደብተሩ ላይ 16 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ፣ የእማማ ድምጽ በሰዓት አይቆጠርም።

አሁን እነዚህን ሰዓቶች ስንደምር፣ 14 እና 22 እና 40 እና 16፣ 92 ሰዓት ነው። ያኔ ለሌላ ሰው ኤዲት ስሰራ በሰዓት 25 ዶላር ነበር የማስከፍለው፣ ማለት 2,300 ዶላር። ተረፈ የተባለው 2,160 ነው። በመጀመሪያው አመት አንድ ሳንቲም አልተረፈንም፣ 140 ዶላር ከስረናል። ከዚህ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሶስተኛው ከማክ የመውጣት ዋጋ ነው፣ ኮምፒውተር ከመግጠም ጋር ግንኙነት የለውም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ያው እንደኛ ሰርግ የሚሰራ ወዳጃችን አለ። እሱ በዛው ሰሞን አይማክ ፕሮውን ገዛ፣ መነሻውን ሞዴል፣ በፋይናል ከቱ ቀጠለ። በየጊዜው እየደወልኩ እጠይቀው ነበር፣ ለዚሁ ደብተር ብዬ። አምስት አመት ሙሉ አንድም ቀን አልቆመበትም። አንድም። ኦገስት ውስጥ በተከታታይ አራት ሰርግ ሲያስረክብ እኔ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ። ማታ ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ተኝተው ይሰራል፣ ማሽኑ አይሰማም። ሰው አይማክ ፕሮ ሞኝ ነው የገዛው ሲል አልወድም፣ እሱ የገዛው እንቅልፉን ነው።

2023 ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ግድግዳ ጋ ደረስን። ሁለታችንም ሶኒ ኤ7 4 ካሜራ ገዝተን ነበር፣ ካሜራው በኤችኢቪሲ (ከኤች.264 ይበልጥ የሚጨምቅ ፎርማት ነው) ባለ 10 ቢት 4:2:2፣ ማለት ብዙ የቀለም መረጃ ይዞ፣ ይቀርጻል፣ ቀለሙ ግሩም ነው፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለቱ እንዳለ ይወጣል፣ የፊት ቀለም ሲስተካከል አይሰባበርም። ግን ይሄን ፎርማት የሚፈታ ክፍል የ2017 ማሽን ላይ የለም፣ የእሱም የኔም ተንቀጠቀጡ። ሁለታችንም ፕሮክሲ፣ ማለት ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ፣ እየሰራን ትንሽ ቆየን።

እሱ አማራጭ አልነበረውም፣ አይማክ ፕሮ ከ2021 ማርች ጀምሮ መሸጥ ቆሟል፣ ውስጡ የሚቀየር ነገር የለም። ማክ ስቱዲዮ 1,999 እና ስቱዲዮ ዲስፕሌይ 1,599 ገዛ፣ ከነታክሱ 3,814። ያን የመሰለ ባለ 5ኬ ስክሪን ይዞ፣ ምንም ያልሆነ ስክሪን፣ ሌላ ባለ 5ኬ ስክሪን ገዛ። አሮጌውን በ1,250 ሸጠ፣ ከገዛበት ሩብ ማለት ነው። አዲሱ ማሽን ግን ያን ፎርማት እንደ ውሃ ነው የሚያፈሰው፣ አይቼዋለሁ።

እኔ ጋ ወንድሜ አንድ ቅዳሜ መጣ። የሚገርመው ግራፊክስ ካርድ መቀየር አያስፈልግም ነበር፣ ያኔ የነበሩት የኢንቪዲያ ካርዶች፣ የ4000ዎቹ ጭምር፣ 4:2:2ን አይፈቱም፣ የኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ የኤችኢቪሲውን ይፈታል። ስለዚ አይ ሰቨን 13700ኬ 400፣ ማዘርቦርድ 220፣ 64 ጂቢ ዲዲአር 5 ራም 230፣ 2 ቴራ ኤስኤስዲ 150። ሺ ዶላር፣ ከነታክሱ 1,060። ኬዙ ያው፣ ፓወር ሰፕላዩ ያው፣ ስክሪኑ ያው፣ ማቀዝቀዣው እንኳን ያው፣ ኖክቱዋ ለአዲሱ ሶኬት የሚሆነውን ማያያዣ በነጻ በፖስታ ይልካል። ከምሳ በኋላ ጀምረን ለእራት ደርሰናል። የወጡትን ዕቃዎች በ250 ሸጥኩ። በዚሁ ከፕሪሚየር ወጥቼ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ የሚባለውን ሌላ ኤዲቲንግ ፕሮግራም በ295 አንዴ ገዛሁ። ሪዞልቭን የተማርኩበትን ሰዓት አልመዘገብኩም፣ ፌብሩዋሪ ነበር፣ ስራ በሌለበት።

ታዲያ ሂሳቡ እንዲህ ይመጣል። መጀመሪያ 2,160 ቀነሰልን። ሰዓቴ 2,300 በላ። የአምስት አመት የፕሪሚየር ኪራይ 1,260፣ ሪዞልቭ 295። ከዛ በ2023ቱ ግዢ እሱ ያሮጌውን ሽያጭ ቀንሶ 2,564 አወጣ፣ እኔ 810፣ ልዩነቱ 1,754 ለኔ። ሁሉን ደምሮ ቀንሶ ከወዳጃችን የምሻለው በ59 ዶላር ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን ሲያይ ሁለቴ ደመረው። እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው ሰው ሲጠይቀኝ፣ መግጠም መጀመሪያ ስትገዛ አያተርፍም፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትገዛ ነው የሚያተርፈው፣ ሁለተኛውን ጊዜ ሳትደርስ የምትተወው ከሆነ አትጀምረው።

ዛሬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለውጠው። በ2018 ወደ ፕሪሚየር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሪዞልቭ መሄድ ነበረብኝ፣ ያኔም 299 ዶላር ነበር፣ ከ995 የወረደው በ2017 ነው፣ የአምስት አመቱ 1,260 በእጄ ይቀር ነበር። ስራዋን ዛሬ የምትጀምር፣ ምንም የድሮ ላይብረሪ የሌላት፣ ቤቷ ካቻቢቴ የማይፈራ ሰው ያለ ልጅ ብትጠይቀኝ ግጠሚ እላታለሁ። የስድስት ሰባት አመት ስራዋ ፋይናል ከት ውስጥ ያለና ብቻዋን የምትሰራ ከሆነች ደግሞ እዛው ቆዪ፣ ግን ስክሪኑ ለብቻው የሆነውን ግዢ እላታለሁ፣ አሁን ማክ ስቱዲዮ አለ ማክ ሚኒ አለ፣ ያን ጊዜ እኛ የተቸገርንበት ምርጫ በግማሽ ተፈቷል። ወንድም ወይ ባል ወይ ጓደኛ ካቻቢቴ የሚይዝላት ከሌለ ደግሞ የሰማያዊውን ስክሪን ለሊት ታስበው፣ እኔ ወንድሜ ባይኖር ያን ሰርግ አላስረክብም ነበር።

አፕል በ2025 ያወጣው ታሆ የሚባለው ሲስተም አይማክ ፕሮን አይቀበልም፣ የወዳጃችንን የገዛው ልጅ ደውሎ ምን ላድርግ ብሎታል። የኛ 4ኬ ስክሪን ከ2018 ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በስተግራ ጥጉ ላይ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፣ ቀለም በየወሩ አስተካክለዋለሁ።

የ2013ቱ አይማክም አልተጣለም፣ መጋዘኗ ውስጥ ከፎጣ ስር አለ። ባለፈው ወር በ2015 የዳርናቸው ባልና ሚስት ደወሉ፣ የመልሳቸውን ሙሉ ቅጂ ፈለጉ፣ እኛ የሰጠናቸው ያጠረውን ነው፣ አባትየው ሲመርቁ ያለው ሙሉው ንግግር አልገባበትም ነበር። አውጥቼ ሰካሁት፣ አራት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ፣ ላይብረሪው ተከፈተ፣ ርዕሱ በኬፋ እንደተጻፈ ነው። ምርቃቱ 11 ደቂቃ ነበር፣ እኛ ሁለቱን ብቻ ነበር ያስገባነው። ሙሉውን አውጥቼ በዛው ማታ ላክሁላቸው።